ለምስክር፣ ከመሐል ሜዳ

ምስክር፣
መልእክትህ ደረሰኝ፤ ጥያቄህን አየሁ፤
መልስ ሳልሰጥህ ግን ሦስት ሳምንት ቆየሁ።
"ሥልጠናው ይጠቅማል? ብር ቢወጣስ ያዋጣል?
ወረቀቱን ይዞ ቀያሽ አገር ይለውጣል?"

ከአርባ ምንጭ ስነሣ ሦስት ነበሩ እነሱ፤
ሲኦሲው ደረጃ አራት፣ የቶታል ስቴሽኑ፣ የጂአይኤሱ፤
ላስቲክ ለብሰው ሁሉም፣ በዝናብ እንዳይርሱ።
ጣርማ በር አፋፉ ላይ ጭጋግ ሲቀበለኝ፣
መኪናው ውስጥ አንዱ "ሥራሽ ምንድን?" ቢለኝ፣
"ቀያሽ ነኝ" አልኩና በመስኮት ባይ ውጭ፣
ገደሉና ሰማዩ ተደባልቆ ነጭ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ አቶ እንግዳወርቅ፣
ማኅተሙን በጥፍራቸው ሞከሩት፤ አልለቅ አለ፣ አይለቅ።
ከዚያ "ሁለት እርከን" ብለው ደሞዜን ጻፉት፤
አልደብቅህም፤ ወረቀቱ ነው ያናገራቸው፣ እኔ አልነበርኩበት።
የቤት ኪራይ ከፈለ፤ ወፍራም ባናም ገዛ፤
በወረቀት አትቀልድ፤ ይኼ አይደለም ዋዛ።

ብርድ ግን አያውቅም።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጓሳ ዳር ውርጭ ወርዶ፣
መሣሪያው ሞተብኝ፣ ባትሪው በርዶ በርዶ።
የሥልጠና ደብተሬን ገለጥኩ፤ ስለ አቧራ ያወራል፤
ስለ ውርጭ እንዳልሰማ ገጹ ባዶ ይቀራል።
ሜትር ያዡ ጋሽ ደምሰው፣ አንድም ወረቀት የሌላቸው፣
ሠላሳ ዓመት ገመድ ሲጎትቱ የኖሩት እኒያ ሰው፣
"አቅፈሽው እደሪ" አሉኝ፤ "ብርድ አይወድም እንደ ሰው።"
ሁለት ባትሪ ታቅፌ፣ በባና ተጠቅልዬ፣
ነጋ፤ መሣሪያው ሲበራ ጮኽኩልህ፣ እልል ብዬ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

እትዬ አሰገደች ከወንድማቸው ጋራ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙግት፣ በአንዲት የገብስ ተራ።
"ካቡ በሌሊት ይሄዳል" ይላሉ ሁለቱም፤
ድንጋይ እግር አውጥቶ ያየው ግን የለም፣ አንድም።
ከኔ በፊት የለካው የአክስታቸው ልጅ ነበር፤
ከሱ በፊት ያለው የወንድምየው አበልጅ፤ ማን ይመን? ማን ይመስክር?

ችካሌን ሳልተክል፣ ባለ ሦስት እግሩን ሳልዘረጋ፣
እትዬ መጡ ወደኔ፣ በትር ይዘው፣ ጠጋ፤
"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"
"የሳዳሞ፣ ከጫኖ።"
"የት ነው ደግሞ እሱ?"
"አባያ ሐይቅ ዳር፣ ሙዝ ተክሎ፣ ባለ ጓሮ ሆኖ።"
ወደ ወንድማቸው ዞሩ። "ታውቀዋለህ?"
"አላውቅም።"
"እኔም አላውቀው።" ሳቁ። "እሰይ! እንግዲህ አልሰጋም።
በይ ለኪ!"

ፋይሌን ልከፍት ብል አላስከፈቱኝም፤ አላነበቡት፤
ማኅተሙን ከሩቅ አይተው "በቃ" ብለው ተውት።
ያን ዕለት ነው የገባኝ።
ወረቀት ዘመድ የለውም፤ ለቅሶ አይደርስ፣ ጽዋ አይጠጣ፤
ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት እንዲህ ያለ ነው፣ ከየትም የመጣ።
ጉልበቱ የማንም አለመሆኑ ነው።
ዋጋውም ይኸው ነው።

ለካሁ። ካቡ ሁለት ክንድ ወደ እትዬ ገፍቷል፤
ወንድም አንገቱን ደፋ፤ ድንጋዩ በቀን ተመልሷል።
ዕርቅ የወረደ ቀን ለበጉ አልጠሩኝም፤
ዘመድ አይደለሁማ፤ እኔም አልተቀየምኩም።
መስኮቴ ላይ ቆሜ ጭሱን ከሩቅ ለካሁት፤
ሦስት መቶ አርባ ሜትር፤ በዓይኔ ብቻ ገመትኩት።

ስለዚህ ሥልጠናውን ውሰድ፤ ክፈል፤ ፈተናውን እለፍ፤
በሩን ይከፍትልሃል፤ አልጋ ላይ ግን አያሳርፍ።
ባትሪ ማቀፍን፣ ብቻ መብላትን፣ የማንም ሆኖ መክረምን
ማንም አይፈትንህም፤ ስታልፈውም ማኅተም የለውም።
እና አንድ ቀን እንዲህ ባለ አገር፣ በአንዱ ካብ ዳር፣
ስምህን ሲጠይቁህ "ምስክር" በል፤ ከዚያ ዝም በል፤ ይጠብቁሃል፣ እንድትመሰክር።

ልጨርስ። ውጭ ውርጭ ነው፤ ባትሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤
ሳይበርዱብኝ ልቀፋቸው።